ያልወደቀ ግድግዳ የማን ነው?

ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ይላል። ኮት ያሰፋሁባቸው ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ሜትራቸውን ሁለት ጊዜ ዘርግተው ከለኩ በኋላ፣ ጥፋቱ የኮቱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን በትሕትና ነግረውኛል። "ከባድ ዕቃ ይሸከሙ ነበር እንዴ?" ይሉኛል። "አይ፣ ጸሐፊ ነበርኩ" እላለሁ። ከዚያ በላይ አይጠይቁም። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ ነገሩን እንደ ሆነው ላውጋችሁ። በአጭሩ መንገር አልችልም፤ ምክንያቱም ውስጡ ስብሰባ አለበት።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተዛውሬ አሰላ የገባሁት በክረምት ነበር። ደመናው አልነሣ ብሎ የጭላሎን ተራራ ለማየት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ሰዎች በጣታቸው እየጠቆሙ "ያ ጭላሎ ነው" ሲሉኝ፣ አዲስ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ምንም ሳይታየኝ "አዎ፣ ትልቅ ነው" እል ነበር። ይህ ልማድ በኋላ ለሥራዬ ጠቅሞኛል።

የተመደብኩበት ቢሮ ስለ ሕዝቡ ማኅበራዊ ችግር የሚያስብ ቢሮ ነበር። የሚያስብ ያልኩት አውቄ ነው፤ የሚሠራው ቀበሌ ነው። አለቃዬ ጓድ ተሰማ ይባላሉ። ወፈር ያሉ፣ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ እርሳስ እንኳ ሲቀርጹ ፍቅፋቂውን ቆጥረው የሚጥሉ ይመስላል። አንድ ቀን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ሲመለሱ አንድ ሐሳብና አንድ ጥቁር ስልክ ይዘው መጡ። ሐሳቡ ቀድሞ ስልኩ የተገዛለት ይሁን፣ ወይስ ስልኩ ተገኝቶ ሐሳብ የተፈለገለት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ጧሪ የሌላቸው የከተማው አረጋውያን ችግር ሲገጥማቸው በየቢሮው ደጃፍ ዝናብ ሳይመታቸው፣ ባሉበት ሆነው በስልክ ያመለክታሉ። ስሙ "የአረጋውያን ስልክ" ተባለ። እኔም የስልኩ ኃላፊ ተባልኩ። ከእኔ ሥር ከስልኩ በቀር ማንም አልነበረም።

ሐሳቡ መልካም ነው። አንዲት እንከን ብቻ ነበረችበት፤ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ሁሉ ስልክም አልነበረውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስልኩ አልጮኸም። ጓድ ተሰማ ይህንን "በአረጋውያን ዘንድ የችግር መቀነስ ታይቷል" ብለው ለበላይ ጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት ከቢሯችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከድር ነገሩን ሰሙና "ለሽማግሌ ስልክ አልከለክልም" ብለው የሱቃቸውን ስልክ ባንኮኒው ላይ አወጡት። ሥራ የጀመርነው ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሽማግሌው ከቤቱ ይነሣል፣ በጭቃው ዳገቱን ይወጣል፣ በእኛ ቢሮ ደጅ ያልፋል፣ በመስኮት አይቶኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ከሐጂ ከድር ሱቅ ይደውልልኛል። "ማን ልበል?" እላለሁ። "አሁን ሰላም ያልኩህ ነኝ" ይላል። ስልክ ያለመዱ ሰዎች ስለሆኑ እየጮኹ ነው የሚናገሩት፤ ስለዚህ ድምፃቸው በስልኩ ከመምጣቱ በፊት በመስኮቱ ይደርሰኛል። አንዳንዴ ጓድ ተሰማ ከውስጠኛው ክፍል ሆነው "መስኮቱን ዝጋው፤ በስልክ ያልመጣ አቤቱታ እየገባ ነው" ይሉኛል።

ታዲያ በአካል ለምን አትቀበሏቸውም ትሉኝ ይሆናል። ክፍፍል ስለነበረ ነዋ።

ክፍፍሉን ያደረግነው ከቀበሌው ጋር ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቱፋ እዚያው አሰላ ተወልዶ ያደገ፣ ቁመቱ የደጁን ጉበን የሚነካ ጎልማሳ ነው። ስብሰባ ላይ አማርኛ ይናገራል፤ ሲናደድ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ሰው ሲያሳዝነው ደግሞ ዝም ይላል። ስልኩ የት ጀምሮ የት ያቆማል፣ ቀበሌው ከየት ይረከባል በሚለው ላይ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለቀ። ስልኩ ይሰማል፣ ይመዘግባል፣ ያስተላልፋል፤ ቀበሌው ይቀበላል፣ ያጣራል፣ ይረዳል ተባለ። ሦስት ግስ ለእኛ፣ ሦስት ግስ ለእነሱ። ጠቡ የመጣው በማግስቱ "ያጽናናል" በምትለዋ ግስ ነው። ጓድ ተሰማ ማጽናናት እርዳታ ስለሆነ የቀበሌው ነው አሉ። ጓድ ቱፋ ማጽናናት በአፍ ስለሚደረግ የስልኩ ነው አለ።

"ሰው እያለቀሰ ቢደውል ቀበሌው እስኪደርስ ያልቅስ ወይ?" አለ።

ጓድ ተሰማ አሰብ አደረጉና አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ፤ እስከ ሦስት ደቂቃ ያለው ልቅሶ የስልኩ፣ ከዚያ የሚያልፈው የቀበሌው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በሦስተኛው ቀን ስለ ሳል ተወያየን። በስልክ የተሰማ ሳል የስልኩ ነው፣ ይመዘገባል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሳል የቀበሌው ነው። "ያው አንድ ሳል ነው" ብዬ በቃለ ጉባኤው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጽፌ ነበር። ሲያነቡት ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳስበው በላጲስ አጠፋሁት።

በመጨረሻ ሁለት ክልከላዎች ተቀመጡ። የስልኩ ሠራተኛ አመልካች ቤት አይሄድም። ቀበሌውም በስልክ በኩል ያልተላለፈለትን አይቀበልም። ተጨባብጠን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ በአሰላ ያለ ባለቤት የቀረ ሽማግሌ አልነበረም፤ ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው።

እንግዲህ እማማ ብዙነሽ የመጡት በዚህ መሀል ነው።

እማማ ብዙነሽ ከገበያው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ባላቸው በእጁ በሠራው የጭቃ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አያቶቻቸው ከመንዝ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው። ኦሮምኛውን ከጎረቤቶቻቸው እኩል ይናገሩታል። ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው "ደስ ያለህን ጻፍ" አሉኝ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራቸውን ለመደገፊያ ሳይሆን ለማመልከቻ የሚይዙ ሴት ነበሩ።

"ልጄ፣ ብዙነሽ ነኝ" አሉኝ በስልክ። "ግድግዳዬ ሊወድቅ ነው።"

"የትኛው ግድግዳ ነው እማማ?"

"የጓሮው። ጎርፍ ሥሩን አጥቦት ወጋግራው በስብሷል። ዝናብ ሲመጣ ይተነፍሳል።"

"ግድግዳው ነው የሚተነፍሰው?"

"አዎ። እኔም እተነፍሳለሁ፣ እሱም ይተነፍሳል። እስከ ዛሬ ተስማምተን ነበር።"

መዘገብኩ። በካርቦን ሦስት ኮፒ አድርጌ አንዱን ለቀበሌ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ተመለሰ። ጓድ ቱፋ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከበላይ የመጣለት ዝርዝር "ቤቱ የወደቀበት" ይላል እንጂ "ቤቱ ሊወድቅበት ያለ" አይልም። ስለዚህ ከወረቀቱ ግርጌ "ግድግዳው እስካልወደቀ ድረስ ጉዳዩ የምክር ጉዳይ ስለሆነ በስልኩ በኩል ይመከሩ" ብሎ ፈርሞበታል።

ምክሩን ለመስጠት እኔ ልደውልላቸው አልችልም፤ ስልክ የላቸውም። መስኮት ላይ ቆሜ ሲያልፉ ጠበቅኩና በእጄ "ይደውሉልኝ" የሚል ምልክት አሳየኋቸው። መንገዱን ተሻግረው ደወሉ።

"እማማ፣ ለጊዜው ምክር ነው የሚሰጥዎት።"

"እሺ፣ ምከረኝ።"

ከመመሪያው አነበብኩላቸው። "እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ።"

በመስኮት ሳያቸው የስልኩን እጀታ ከጆሯቸው ነቅለው እያዩት ነበር። ከዚያ መልሰው ለጠፉት።

"የምጠነቀቀው እኔ ነኝ ወይስ ግድግዳው?"

"መመሪያው አይለይም፣ እማማ።"

በዚያ ዘመን ግድግዳ ጆሮ አለው እየተባለ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው። ጉልበት እንደሌለው ግን ያስታወሰን ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ፎርም ሞላሁ። "ሊወድቅ ነው" የሚለውን ትቼ "በመውደቅ ላይ ያለ" አልኩት፤ በቋንቋ ችሎታዬ ኮርቼ። ተመለሰ። "በመውደቅ ላይ ያለ ማለት የወደቀ ነው ወይስ ያልወደቀ? ተጣርቶ ይላክ" ይላል። ማጣራት የእናንተ ግስ ነው ብዬ ጻፍኩ። የምናጣራው የወደቀውን ነው ብለው ጻፉ። ግድግዳው በበኩሉ ለማናችንም ሳይጽፍ ወደ ጓሮው ማዘንበሉን ቀጠለ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሰነበተ፤ እማማ ብዙነሽም በመስኮቱ ሳያልፉ ቀሩ። ሐጂ ከድር ዘመድ ሞቶባቸው ሁሩታ ሄደው ሱቃቸው ተዘግቶ ነበር። እኔ ግን የታየኝ የወደቀ ግድግዳ ነው። ለጓድ ተሰማ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው።

"አልደወሉም?" አሉኝ።

"አልደወሉም።"

"እንግዲያው ችግር የለም ማለት ነው" አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ቆመ፤ ሐጂ ከድርም ተመልሰው ሱቃቸውን ከፈቱ። እኔ ግን ስልኩ እስኪጮኽ አላስቻለኝም። በምሳ ሰዓት፣ ክልከላውን ጥሼ፣ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ለራሴ "የምሄደው እንደ ስልክ ኃላፊ ሳይሆን ለምሳ እንደወጣ ሠራተኛ ነው" እያልኩ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጭላሎ ግርጌ ችግኝ ተከላ ዘመቻ ወጥቶ መንደሩ ጭር ብሏል። እማማ ብዙነሽ በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ደህና ነበሩ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም ለመደበቅ የቢሮ ፊት አደረግሁ።

"ና እየው" ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ግድግዳው በእርግጥ አዘንብሏል። ምርጉ ተሰነጣጥቆ ጭዱ ይታያል። ግን ሰውን ማጽናናት ከስልኩ ግሶች አንዱ ስለሆነ፣ ሦስት ደቂቃም ስላልሞላ፣ "እማማ፣ ይህ እኮ ገና ብዙ ዓመት ይቆማል" አልኩና ጥንካሬውን ላሳያቸው በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ መታሁት።

ግድግዳው እንደመጠበቅ አለና ወደ እኔ መጣ።

ሸሽቼ ቢሆን ዛሬ ትከሻዬ ደህና ነበር። ግን ሰው የሚወድቅ ነገር ሲያይ ይይዛል፤ ብርጭቆም ይሁን ግድግዳ። ቀኝ ትከሻዬን ደገፍኩት፤ ቆመ። ትንሽ ለቀቅ ሳደርገው ተከተለኝ። መልሼ ደገፍኩት፤ ቆመ። ሁለት ሦስቴ ሞከርኩት። ከዚያ ሁኔታው ገባኝ። ግድግዳው ቆሞ የሚቆየው እኔ እስከቆምኩ ድረስ ነበር።

"እማማ፣ መልቀቅ አልቻልኩም" አልኩ።

"አይቻለሁ" አሉኝ። ወደ ቤት ገብተው በቅቤ የታሸ ጩኮ በሳህን ይዘው መጡ። "ምሳህን አልበላህም አይደል?" ብለው አጎረሱኝ። የገብሱ ዱቄት ጉሮሮዬ ላይ ሲደርቅ ውኃ አጠጡኝ። እንዳልስል ተጠነቀቅሁ፤ እያንዳንዷ ሳል ወደ ግድግዳው ትሄድ ነበርና። ሁለተኛውን ጉርሻ አስጨርሰውኝ ከዘራቸውን አነሡ።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"ልደውል።"

"ለማን?"

"ለእናንተ ነዋ። ደውሉ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?"

ስልኩን የሚያነሣው እኔ መሆኔን ልነግራቸው ስል ዳገቱን ጀምረውታል።

ቀጥሎ የሆነውን በኋላ ያጫወቱኝ ሐጂ ከድር ናቸው። ስልኩ ብዙ ጮኸ። በመጨረሻ ጓድ ተሰማ ራሳቸው አነሡት።

"የአረጋውያን ስልክ ነው፤ ማን ልበል?"

"ብዙነሽ ነኝ። አንድ ሰው ግድግዳዬ ሥር ተይዞብኛል።"

"ሰውየው አረጋዊ ነው?"

"አይ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው።"

"እንግዲያው የእኛ አይደለም፣ እናቴ። ቀበሌ ይንገሩ።"

"ያንተ ጸሐፊ ነው እኮ።"

ጓድ ተሰማ ወደ ባዶው ወንበሬ ሳይመለከቱ አልቀሩም። "በምሳ ሰዓት ከቢሮ ውጭ ያለ ሠራተኛ በቢሮው ኃላፊነት ሥር አይደለም" አሉ።

እማማ ብዙነሽ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "እሱስ ይሁን። ደግሞ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ ሲንቀሳቀስ ይንቀጫቀጫል" አሉ።

ቁልፉ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ ነው። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማኅተም የሚጠብቅ ሪፖርት ነበር። ጓድ ተሰማ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ከቢሮ ሲወጡ ያየሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ ለማለት እወድ ነበር፤ ያዩት ግን ሐጂ ከድር ናቸው።

ጓሮው ሲደርሱ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

"ግድግዳ ይዣለሁ፣ ጓድ።"

"በማን ትእዛዝ?"

ትእዛዝ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቁልፉን ጠየቁኝ። እጄን ከግድግዳው ማንሣት ስላልቻልኩ ራሳቸው ከኪሴ እንዲያወጡት ለመንኳቸው። ቁልፉ በቀኝ ኪሴ፣ ከግድግዳው በኩል ነው። እጃቸውን ሲያስገቡ ትንሽ ፈቀቅ አልኩላቸው። ግድግዳውም ፈቀቅ አለ። ጓድ ተሰማ አለቃ ቢሆኑም ሰው ናቸው፤ ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ቆመ። አሁን ሁለት ሆንን። ቁልፉ በእጃቸው ነበር፤ መሳቢያው ግን ዳገቱ ላይ ነው።

እማማ ብዙነሽ ከሱቁ ሲመለሱ በቀበሌው በኩል አልፈው ስለነበር ጓድ ቱፋም ብዙ ሳይቆይ መጣ። የመዝገብ ደብተሩን በብብቱ ይዟል። ዘመቻው ላይ ያልወጣው የዘመቻውን ሪፖርት ለመጻፍ ነበር። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየው፤ እኛን አየን፤ ደብተሩን ገለጠ።

"ገና አልወደቀም" አለ።

"አልወደቀም" አሉ ጓድ ተሰማ ጀርባቸውን ሳያነሡ።

"ስለዚህ የእናንተ ነው። ምክር ላይ ናችሁ።"

"ጓድ ቱፋ፣ እኛ እኮ በአካል ነው የያዝነው። በአካል የሚደረግ ነገር የቀበሌው መሆኑ በቃለ ጉባኤው ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ።"

"የስልክ ሠራተኛ አመልካች ቤት አይሄድም የሚለውም እዚያው ገጽ ላይ አለ።"

እንዲህ ሲባባሉ ጭላሎ በኩል ጠቆረ። ነፋስ መጣ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ይንኳኳ ጀመር። ጓድ ቱፋ ደብተሩን እያገላበጠ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንደ መፍትሔ ነበር የተናገረው።

"ትንሽ ብትለቁት እኮ ጉዳዩ በደንብ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ከወደቀ ቆርቆሮም፣ እንጨትም፣ ምስማርም ዝርዝሩ ውስጥ አለ።"

ልንገራችሁ፣ ጓድ ተሰማ አሰቡበት። በጀርባቸው ሲያስቡ ግድግዳው ላይ ይሰማኝ ነበር። እኔም አልዋሽም፤ ትከሻዬ አስቦበታል።

እማማ ብዙነሽ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አጣፉ። በፊት ለፊቱ በር ዞረው ገቡና ከግድግዳው በስተውስጥ ካለው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። በስንጥቁ በኩል ጉልበታቸው ይታየኛል።

"በሉ ልቀቁት" አሉ ከውስጥ። "ባሌ ያቆመው ነው፤ ሦስት ልጆች እዚህ ሥር ወልጄ ሁለቱን ቀብሬአለሁ። ይውደቅና ለሁላችሁም ይድረሳችሁ።"

ጓድ ቱፋ ዝም አለ። ደብተሩን ጭቃው ላይ ጣለው፤ አላስቀመጠውም፣ ጣለው። መጥቶ በእኔና በጓድ ተሰማ መካከል ትከሻውን ሰጠ። ግድግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን የሰበሰበ መሰለኝ። ሦስት የመንግሥት ሰዎች በአንድ ግድግዳ ላይ ተደርድረን፣ ለእርዳታ የሚሄድ አንድ ሰው ሳናስቀር፣ ቆምን።

"እማማ ብዙነሽ፣ ይውጡ" አለ ቱፋ። "ኮቱ፣ ኮቱ" እያለ በኦሮምኛ ኑ ይላቸው ጀመር።

"አልወጣም። ስወጣ ትለቃላችሁ። አውቃችኋለሁ" አሉ። ከዚያ ሦስት ቀን የፈጀብንን ክፍፍል እዚያው አልጋ ላይ ተቀምጠው አደረጉት። "ቱፋ፣ አንተ ጉልበት አለህ፤ መሀሉን ያዝ። ተሰማ፣ አንተ ክብደት አለህ፤ አትነቃነቅ። አንተ ልጄ፣ ቀጭን ነህ፤ ሩጥና እንጨት አምጣ።"

"ከየት?" አልኩ።

"ቀበሌው ግቢ የተከመረ ባሕር ዛፍ አለ።"

"እሱ ለበዓሉ መድረክ ነው፣ እማማ" አለ ቱፋ።

"መድረኩ ላይ ማን ነው የሚቆመው?"

"ሹማምንት።"

"እነሱ እግር አላቸው" አሉ። ጉዳዩ ተዘጋ።

ሮጥኩ። ትከሻዬ ለብቻው የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር። የቀበሌው ግቢ ዘበኛ ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ አንዲት ጭራሮ እንደማትወጣ ነገረኝ። ሊቀመንበሩ ግድግዳ እየያዘ ነው አልኩት። ቢሆንም አለ። ተመልሼ ወረድኩ። ጓድ ቱፋ ግራ ትከሻውን ከግድግዳው ሳያነሣ፣ በቀኝ እጁ፣ ወረቀቱን ጓድ ተሰማ ሆድ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ጓድ ተሰማ ሲተነፍሱ ፊርማው ከፍ ዝቅ አለ። ዘበኛው ፊርማውን ሲያይ "እጁ ምን ሆኖ ነው?" አለኝና እንጨቱን ለቀቀ።

ሐጂ ከድር የሱቃቸውን ጋሪ አምጥተው ስምንት ባሕር ዛፍ ጫንን። ሐጂ ስለ ክፍፍሉ የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ባላ ያለውን እንጨት እያመቻቸን በስምንቱም ግድግዳውን ከውጭ ደገፍን፤ ሥራቸው ላይ ድንጋይ አስገባን። ዝናቡ ሲጀምር ቱፋ ቀስ ብሎ ትከሻውን አነሣ። ግድግዳው አልተከተለውም። ጓድ ተሰማ ግን ከግድግዳው መነሣት አቃታቸው፤ ወገባቸው እምቢ አለ። እማማ ብዙነሽ ያን ጊዜ ነው ከአልጋቸው ተነሥተው የወጡት። አንድ በአንድ አዩን። "አሁን ግቡና እጃችሁን ታጠቡ" አሉ። ጓድ ተሰማን ደግፈን ሁላችንም ገባን፤ እንደ ተማሪ ተሰልፈን ታጠብን።

እሑድ ከዘመቻ የተመለሱት ጎረቤቶች ተሰብስበው የበሰበሰውን ወጋግራ ለወጡት፣ ጭቃ ረግጠው መረጉት። ቤቱ ቆመ። የበዓሉ መድረክ በዚያ ዓመት ትንሽ ጠባብ ሆኖ ነበር፤ ሹማምንቱ ተጠጋግተው ስለቆሙ ጋዜጣ ላይ አንድነታቸው ጎልቶ ወጣ ተባለ።

ከዚያ ሪፖርት መጣ። የእኛ ቢሮ ግድግዳው በአረጋውያን ስልክ አማካይነት መዳኑን ጻፈ። ቀበሌው ግድግዳው በቀበሌው ብርቱ ክትትል መዳኑን ጻፈ። ሁለቱ ወረቀቶች የበላይ አካል ጋ ተገናኙና ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊነቱን ለመከፋፈል ሦስት ቀን በቅቶን ነበር፤ ምስጋናውን ለመከፋፈል አምስት ፈጀብን። ስለ ምስጋናው እማማ ብዙነሽን የጠየቃቸው የለም፤ ሐጂ ከድርንም ያስታወሰ አልነበረም። እኔ ለመመሪያ ጥሰት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ጸሐፊው እኔ ነበርኩና። በካርቦን ሦስት ኮፒ አደረግሁት።

ጓድ ተሰማ ግን በስብሰባው አልነበሩም። ወገባቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ተይዞ ተኝተዋል። ቤተሰባቸው ሐረር ነው፤ አሰላ ውስጥ በአንድ ኪራይ ክፍል ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ይህንን ያወቅሁት ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ፣ ደመወዛቸውን ላደርስላቸው ቤታቸው በሄድኩ ቀን ነው። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ትላንት የተበላበት ሳህን ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ማን እንደሚያስታምማቸው ጠየቅኋቸው።

"እሱን እያየሁት ነው" አሉኝ። "ለሠራተኛ ሕመም የሚመለከተው ክፍል አለ፣ ግን እሱ ለሆስፒታል ነው። ቤት ውስጥ ለተኛ ሰው የትኛው አካል እንደሆነ ግልጽ አይደለም።" አልጋቸው አጠገብ መመሪያ ተዘርግቶ ነበር። እያነበቡት ነበር መሰለኝ።

በዚህ መሀል በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እማማ ብዙነሽ ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ የገብስ አጥሚት ይዘዋል። እኔን በዓይናቸው ከወንበሩ አስነሡኝና ተቀመጡበት። ማንኪያውን በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉት።

ጓድ ተሰማ ተኝተው እንኳ የአሠራር ሰው ናቸው። ሊነሡ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡና "እናቴ፣ ከየትኛው አካል ተልከው ነው የመጡት?" አሏቸው።

እማማ ብዙነሽ አጥሚቱን እፍ እያሉ አበረዱት።

"ምን አካል አለኝ ልጄ" አሉ። "ከቤቴ ነው የመጣሁት። በል አፍህን ክፈት።"

ጓድ ተሰማ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ወደ ሌላ ቦታ ተመለከትኩ፤ ቃለ ጉባኤ አልያዝኩም ነበር። አፋቸውን ከፈቱ።